ማን ፔጅ እንዴት ይጸዳል

ባለፈው ክረምት ለለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄጄ ነበር። ማታ ሦስት ሰዓት አካባቢ ስልኬ ጠራ። የጎረቤቴ ልጅ ናት፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ትማራለች። እስክመለስ የብሎካችንን የወር ሂሳብ እንድትሠራ አደራ ብያት ነበር። ሂሳቡን የሚሠራው እኔ የጻፍኩት ኮማንድ ነው፤ አጠቃቀሙ ማን ፔጁ ላይ አለ፣ ማለትም ተርሚናል ላይ የሚከፈተው የመመሪያ ገጹ ላይ።

«ጋሼ፣ ማን ፔጁ ላይ እርስዎ የጻፉትን ነው ኮፒ ያደረግኩት። እንዲህ የሚባል ፋይል የለም ይለኛል።»

«እስኪ አንብቢልኝ።»

አነበበችልኝ። ልክ ነው። ሰረዝ፣ ወር፣ ቁጥር። አንድም ፊደል አልሳተችም። ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። በመጨረሻ «በይ በእጅሽ ተይቢው» አልኳት። ተየበችው። ወዲያው ሠራ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኮማንዱ ደህና ነው። ልጅቷም ምንም አላጠፋችም። የተበላሸው እኔ የጻፍኩት ገጽ ነው። ስመለስ ሁለት ቅዳሜ ቁጭ ብዬ አጸዳሁት። እዚህ የምነግራችሁ ያኔ የሠራሁትን ነው። የራሳችሁ ኮማንድ ማን ፔጅ ካለው፣ ወይም የሌላ ሰው ፕሮጀክት ላይ ማገዝ ከፈለጋችሁ፣ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ ኮማንዱን ላስተዋውቃችሁ፤ ምሳሌዎቼ ሁሉ ከእሱ ናቸው። የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከመገናኛ ታክሲ ይዛችሁ ወደ ከተማው ዳር ስትወጡ። ብሎካችን ሃያ ቤት አለው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ሲመጣ በፓምፕ ወደ ላይኛው ሮቶ እንገፋዋለን። የፓምፑ መብራት፣ የጥበቃው ደሞዝ፣ የደረጃ ጽዳቱ በየወሩ ይከፋፈላል። ክፍፍሉ ግን እኩል አይደለም። ዝግ የሆነ ቤት ለውሃ አይከፍልም፣ ለጥበቃ ግን ይከፍላል። ምድር ላይ ያሉት ቤቶች ፓምፕ አያስፈልጋቸውም። በደብተር ስንሠራው በየወሩ ጭቅጭቅ ነበር። ስለዚህ አጭር የሼል ስክሪፕት ጻፍኩ። ሼል ማለት ተርሚናል ላይ የምንተይበውን ተቀብሎ የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው። ስሙን «መዋጮ» አልኩት። ከእኔ በኋላ የሚረከበው ሰው እንዲያነበው ብዬ ማን ፔጅም ጻፍኩለት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማክሮዎቹን (የገጹን ቅርጽ የሚያዙትን አጫጭር ትእዛዞች) እና ኮማንዶቹን በስልክ ስናነብ እንደምንጠራቸው በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። «ነጥብ ኤስ ኤች» ስል ነጥብ ተይባችሁ ሁለቱን የላቲን ፊደሎች በካፒታል አስከትሉ። የኮማንድና የኦፕሽን (ከኮማንዱ ስም በኋላ በሰረዝ የሚጻፈው ምርጫ) ስምም እንዲሁ በላቲን ነው የሚተየበው።

ነጥቡ ከየት መጣ

ማን ፔጅ የቆየ ነገር ነው። የመጀመሪያው የዩኒክስ (ሊኑክስ መልኩን የወሰደበት የቆየ ስርዓት) መመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 3 ቀን 1971 ነው፤ ያዘጋጁት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው። ያኔ ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም ውስጥ ዩኒክስን ቀድመው ከተጠቀሙት መካከል የፓተንት ክፍሉ ታይፒስቶች ነበሩ። ጽሑፋቸውን የሚያሰናዱት ሮፍ በሚባል ፕሮግራም ነው። የሮፍ ሕግ ቀላል ነው። በነጥብ የሚጀምር መስመር ትእዛዝ ነው፤ የቀረው ጽሑፍ ነው። የዛሬዎቹ የማን ማክሮዎች እ.ኤ.አ. በ1979 ከሰባተኛው ዩኒክስ ጋር መጡ። አብዛኛው ሊኑክስ ላይ ገጹን አሰናድቶ የሚያሳየን ደግሞ ግሮፍ ነው። ጄምስ ክላርክ ነው የጻፈው፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው።

እናቴም ታይፒስት ነበረች። አንድ ገጽ ስትጨርስ ከማሽኑ አውጥታ፣ ክንዷን ዘርግታ ከሩቅ ታየዋለች። ገና ሳታነበው። «መጀመሪያ ቅርጹን እይ፣ ከዚያ ፊደሉን» ትለኝ ነበር። ማን ፔጅ ሳጸዳ ሁልጊዜ ትዝ ትለኛለች።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት አለምክንያት አይደለም። የማን ፔጅ ፋይል ተራ ጽሑፍ ይመስላል እንጂ ፕሮግራም ነው። ነጥብ፣ ባክስላሽ፣ ሰረዝ፣ ባዶ መስመር፣ ሁሉም ትርጉም አላቸው። አብዛኛው ቆሻሻ የሚመጣው ይህን ከመርሳት ነው።

ከመንካታችሁ በፊት

መጀመሪያ የፋይሉን አናት እዩ። አንዳንድ ገጽ በእጅ የተጻፈ አይደለም። ሄልፕቱማን ወይም ፖድቱማን የሚባል መሣሪያ ከሌላ ፋይል ያወጣው ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ አናቱ ላይ በኮሜንት ተጽፏል። እንዲህ ከሆነ ገጹን አትንኩት። መሣሪያው ገጹን እንደገና ሲያወጣ ልፋታችሁ ይጠፋል። ማረም ያለባችሁ ምንጩን ነው።

ቀጥሎ የትኛው የማክሮ ቤተሰብ እንደሆነ ለዩ። በነጥብ ቲ ኤች የሚጀምር ገጽ የማን ማክሮ ነው። በነጥብ ዲ ዲ (ሁለተኛዋ ትንሿ ዲ ናት) የሚጀምረው ደግሞ ኤምዶክ ይባላል፤ በርክሌይ ውስጥ ሲንቲያ ሊቪንግስተን ያዘጋጀችው ነው፣ የቢኤስዲ (ከበርክሌይ የመጣው የዩኒክስ ዘር) ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት። ኤምዶክ «ይህ ኦፕሽን ነው፣ ይህ የፋይል ስም ነው» ብሎ ትርጉሙን ይናገራል። የማን ማክሮ ግን «ይህን ቦልድ አድርግ» ነው የሚለው። ሁለቱም ይሠራሉ። አንድ ገጽ ውስጥ ግን አትቀላቅሏቸው። እኔ ከዚህ በታች የማወራው ስለ ማን ማክሮ ብቻ ነው።

ከዚያ የገጹን የአሁን መልክ አስቀምጡ። ይህን ካልሠራችሁ ስታጸዱ ያበላሻችሁትን አታውቁም። ማን ኮማንድ የፋይል ስም ውስጥ ስላሽ ካየ ፋይሉን በቀጥታ ይከፍታል። ስለዚህ ከፋይሉ ስም በፊት ነጥብና ስላሽ አድርጉና ውጤቱን «በፊት» ወደሚባል ፋይል አፍስሱት። ሦስት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ ማንዊድዝ የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል (ኮማንዶች የሚያነቡት ቅንብር፤ ስሙ በካፒታል ነው የሚጻፈው) 80 አድርጉት፤ አለዚያ የመስኮታችሁ ስፋት ሲቀየር ውጤቱም ይቀየራል። ሁለተኛ፣ ኤንጄ እና ኤንኤች የሚባሉትን ኦፕሽኖች በሁለት ሁለት ሰረዝ ጨምሩ። የመጀመሪያው ዳርና ዳር ለማስተካከል ብሎ ስፔስ መበተኑን ያስቀራል። ሁለተኛው ቃል መቁረጡን ያስቀራል።

ሦስተኛው እኔን አንድ ሙሉ ከሰዓት ያስከፈለኝ ነው። ማን ውጤቱ ወደ ፋይል ሲሄድ ቦልዱንና ስር ማስመሩን ይጥለዋል። ስለዚህ ስታነጻጽሩ ቃላቱን እንጂ መልካቸውን አታነጻጽሩም። እኔ አንድ ክፍል ሙሉ ቦልድ ሆኖ ሳለ ሁለት ፋይል የሚያነጻጽረው ዲፍ «ምንም ልዩነት የለም» ሲለኝ አምኜው ነበር። መልኩም እንዲቀመጥ ማን፣ ኪፕ፣ ፎርማቲንግ የሚሉትን ሦስት ቃላት በካፒታል፣ በስር ሰረዝ አያይዛችሁ 1 ብላችሁ ሰይሙት። ያኔ ፋይሉ ለዓይን አይመችም፣ ዲፍ ግን ሁሉንም ያያል።

ማስጠንቀቂያ የሚሰጡ ሁለት መሣሪያዎችም አሉ። ግሮፍን በሰረዝ ማን፣ በሰረዝ ዳብልዩ ዳብልዩ እና በሰረዝ ዚ አስኪዱት። ገጹን ሳያሳይ ቅሬታውን ብቻ ይነግራችኋል። ማንዶክ የሚባለውን ሌላ የማን ፔጅ ማሳያ ከጫናችሁ ደግሞ ሰረዝ ቲ (ካፒታል) ሊንት በሉት፤ እሱ ይበልጥ ጥብቅ ነው። የእኔ ገጽ ላይ ከሰላሳ በላይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። አትደንግጡ። ከላይ ጀምሩ። ብዙ ጊዜ አንድ የላይኛው ስህተት ሲታረም የታችኞቹ አብረው ይሄዳሉ። ግን ሊንት ንጹህ ነው ካለ ገጹ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። የልጅቷን ሰረዝ አንዱም አልያዘልኝም።

ሰረዙ

አሁን ወደዚያች ማታ ልመለስ።

ኪቦርዳችን ላይ አንድ ሰረዝ አለ። ሮፍ ግን ሁለት ነው የሚያውቀው። ባዶውን ሰረዝ ሲያይ የጽሑፍ ሃይፈን ነው ብሎ ያስባል፣ ሁለት ቃል የሚያያይዘውን። ባክስላሽ ያለበትን (\-) ሲያይ ደግሞ የኮማንድ መስመር ሰረዝ ያወጣል። ስክሪን ላይ ሁለቱ መንታ ናቸው፣ ዓይን አይለያቸውም። ኮማንዱ ግን ይለያል። አንደኛው በአስኪ ቁጥሩ 45 ነው፤ ኮማንዶች የሚያውቁት እሱን ነው። ሌላው ዩኒኮድ ላይ በሄክስ 2010 የሆነው ሃይፈን ነው። ይህን ኮፒ አድርጋችሁ ስትለጥፉ መዋጮ ኦፕሽን መሆኑን አያውቅም። የፋይል ስም ነው ብሎ ይፈልገዋል። ያጣዋል።

ታዲያ እኔ እንዴት አላየሁትም? የእኔ ኮምፒውተር ዴቢያን ነው፣ አንዱ የሊኑክስ ስርጭት። ግሮፍ ለረጅም ጊዜ ተርሚናል ላይ ሁለቱንም ሰረዝ አንድ አድርጎ ያሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው 1.23 ይህን ተወው። ዴቢያን በራሱ ቅንብር መለሰው። እሷ የጫነችው ሌላ ስርጭት ነው። እኔ ጋ ያለው ስህተት ተሸፍኖ ቆየ፣ እሷ ጋ ተገለጠ። ስለዚህ «እኔ ጋ ይሠራል» ማለት እዚህ ላይ ምንም አያረጋግጥም። ምንጩን ነው ማየት ያለባችሁ።

ያልተጠበቁ ሰረዞችን ለማግኘት ግሬፕን (ፋይል ውስጥ ጽሑፍ የሚፈልገውን ኮማንድ) ከሰረዝ ኤን ጋር በዚህ አስኪዱት፦

'[^\\]-'

ከፊቱ ባክስላሽ የሌለውን ሰረዝ ሁሉ ከመስመር ቁጥሩ ጋር ያወጣል። በመስመር መጀመሪያ ላይ ያለውን ግን አይዝም፤ ለእሱ '^-' ጨምሩ። ሁለት ሰረዝ ባላቸው ኦፕሽኖች ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አርሞ ያልፋል። ሁለቱም ያስፈልጋቸዋል፦

\-\-ወር

ሁሉንም በአንድ ኮማንድ ለመተካት እንዳትቸኩሉ። በተራ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ቃል የሚያያይዝ ሰረዝ እንዳለ መቆየት አለበት፤ ግሮፍ መስመር መቁረጫ አድርጎ ይጠቀምበታል። ሰው ተርሚናል ላይ የሚተይበው ሰረዝ ብቻ ነው ባክስላሽ የሚፈልገው። የእኔ ገጽ ላይ አርባ አንድ ቦታ ነበር። አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

ሰረዙ ወንድሞች አሉት። ነጠላ ጥቅስ ምልክት ወደ ተጣመመ ጥቅስ ይቀየራል። ሼል ያንን አያውቀውም። በምሳሌ ውስጥ ቀጥ ያለውን ለማግኘት ባክስላሽ፣ ክፍት ቅንፍ፣ ከዚያ በትንሹ ኤ እና ኪው ጻፉ። የቤት ፎልደርን የምናሳይበት የጠመዝማዛ ምልክትም (~) እንዲሁ ይለወጣል፤ ለእሱ ባክስላሽ፣ ክፍት ቅንፍ፣ ቲ እና አይ ነው። ለቆብ ምልክቱ (^) ኤች እና ኤ። እነዚህን ተራ ጽሑፍ ውስጥ አትጨነቁባቸው። ኮፒ የሚደረግ ነገር ውስጥ ግን አንዱንም አትለፉ።

የጠፋው መስመር

የሰረዙን ጉዳይ ስፈልግ ሌላ ነገር አገኘሁ፣ ከሰረዙ የባሰ።

መዋጮ የእያንዳንዱን ቤት ሁኔታ የሚያነበው በነጥብ ከሚጀምር ድብቅ ፋይል ነው። ማን ፔጁ ላይ ስለዚህ ፋይል አንድ አረፍተ ነገር ጽፌ ነበር። ምንጩ ውስጥ የፋይሉ ስም መስመር መጀመሪያ ላይ ወደቀ። በነጥብ የሚጀምር መስመር ምንድን ነው? ትእዛዝ ነው። ግሮፍ እንዲህ የሚባል ማክሮ አላውቅም ብሎ መስመሩን እንዳለ ዋጠው። ያለ ዳብልዩ ዳብልዩ ምንም አይናገርም። ገጹን ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ ፋይል መኖሩን አያውቅም። ልጅቷም አታውቅም ነበር። ሁለት ዝግ ቤቶች ተከራይተው ሳለ አሁንም እንደ ዝግ እየተቆጠሩ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከነጥቡ በፊት \& አድርጉ። ይህ ምልክት ምንም አያሳይም፣ ቦታም አይዝም፣ ነጥቡን ግን ከመስመር መጀመሪያነት ያወጣዋል። ወይም የፋይሉን ስም በኢታሊክ ማክሮ ውስጥ አስገቡት፤ ያኔ ነጥቡ መጀመሪያ ላይ አይሆንም። እኔ ሁለተኛውን ነው የመረጥኩት። የፋይል ስም በኢታሊክ መጻፉም ደንብ ነውና። በነጠላ ጥቅስ የሚጀምር መስመርም እንዲሁ ይዋጣል። እሱንም ፈልጉ።

ባክስላሽም ይበላል። አንድ ምሳሌ ላይ ፕሪንትኤፍ ተጠቅሜ፣ አዲስ መስመር የሚያስጀምረውን ባክስላሽ ኤን ጽፌ፣ ከኋላው «ብር» የሚለውን ቃል በላቲን አስከትዬ ነበር። ሮፍ ባክስላሽ ኤን ሲያይ «የሚቀጥለው ፊደል ስሙ የሆነውን የቁጥር መዝገብ አምጣ» ማለት መስሎት ቢ የምትለዋን ፊደል በላት። እንዲህ ያለ መዝገብ ስለሌለ ቦታዋ ላይ ዜሮ ተካ። ብሩ ዜሮ ሆነ። እውነተኛ ባክስላሽ እንዲታይ ስትፈልጉ ባክስላሽ ጽፋችሁ ትንሿን ኢ አስከትሉ።

አናቱና ስሙ

የነጥብ ቲ ኤች መስመር አምስት ነገር ይይዛል፦ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ ቀን፣ የፕሮግራሙ ስምና ቨርዥን፣ የመመሪያው ስም። ለተራ ተጠቃሚ የሚሆን ኮማንድ ክፍል 1 ነው። የፋይል ቅርጽ የሚያስረዳ ገጽ ክፍል 5፣ የአስተዳዳሪ ኮማንድ ክፍል 8። ቀኑን ዓመት፣ ወር፣ ቀን አድርጋችሁ በሰረዝ ለዩት። ስፔስ ያለውን ሁሉ በድርብ ጥቅስ ውስጥ አድርጉ፤ አለዚያ ሁለተኛው ቃል ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

ስም የሚለው ክፍል አንድ መስመር ብቻ ነው። የኮማንዱ ስም፣ ስፔስ፣ \-፣ ስፔስ፣ አጭር መግለጫ። ሌላ ምንም አታስገቡ። ይህን መስመር የሚያነበው ሰው ብቻ አይደለም። ገጾችን በስምና በቃል የሚፈልጉልን ዋትኢዝ እና አፕሮፖስ የሚባሉት ኮማንዶች የሚያዩት እዚህ ነው። እኔ ስሙን ለማሳመር በሁለት መስመር ከፍዬው ነበር። ሁለቱም ኮማንዶች መዋጮን አያውቁትም ነበር። ማንዲቢ (ብዙ ሊኑክስ ላይ ያለው የማን ኮማንድ ጥቅል) ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሌክስግሮግ የሚባል ኮማንድ አለ። ገጹን ስጡት፤ መስመሩን ማንበብ ከቻለ ይነግራችኋል።

ባዶ መስመርና አረፍተ ነገር

ምንጩ ውስጥ ባዶ መስመር አትተዉ። ባዶ መስመር ገጹ ላይ ባዶ መስመር ሆኖ ይወጣል፣ ከማክሮው ክፍተት ጋር ሲደመር ገጹ ይቦደሳል። አዲስ አንቀጽ ከሆነ ነጥብ ፒ ፒ አድርጉ። ለራሳችሁ ዓይን እረፍት ከፈለጋችሁ ደግሞ ነጥብ ብቻ ያለበት መስመር ተዉ፤ እሱ ምንም አያወጣም። መስመር መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለ ስፔስም አጥፉ።

እያንዳንዱን አረፍተ ነገር በአዲስ መስመር ጀምሩ። ብራያን ከርኒግሃን እ.ኤ.አ. በ1974 ይህንኑ መክሮ ነበር፣ እስካሁን ይሠራል። ግሮፍ መስመሮቹን ራሱ ያያይዛቸዋል፤ አንባቢው ልዩነት አያይም። እናንተ ግን አንድ አረፍተ ነገር ስታርሙ ዲፍ ላይ የሚታየው አንድ አረፍተ ነገር ብቻ ይሆናል። ግሮፍም አረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ የሚያውቀው መስመር መጨረሻ ላይ ካለው ነጥብ ነው። ገጹን በአማርኛ ከጻፋችሁ ግን አራት ነጥብን የአረፍተ ነገር መጨረሻ ብሎ በራሱ አያውቀውም።

ቦልድና ኢታሊክ

ረጅሙ ሥራ ይህ ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል።

ደንቡ አጭር ነው። አንባቢው እንዳለ የሚተይበው ቦልድ ይሆናል፦ የኮማንዱ ስም፣ ኦፕሽኑ። በራሱ ነገር የሚተካው ኢታሊክ ይሆናል፦ የወር ቁጥር፣ የፋይል ስም። ብዙ ተርሚናል ላይ ኢታሊክ በስር መስመር ነው የሚታየው። እንደ ካሬ ቅንፍ ያለው፣ «ይህ ሊቀር ይችላል» የሚለው፣ ተራ ፊደል ይሁን። አይተየብማ።

ይህ ጌጥ አይደለም። አንድ ጀማሪ ገጹን ሲከፍት የትኛውን ቃል እንደሚቀይር የሚያውቀው ከመልኩ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ «ወር» የሚለውን ቃል ራሱን ተይባለች፣ ቁጥር ማስገባት ሲገባት። ሁሉንም ቦልድ አድርጌው ነበርና ምን ምልክት አላት?

ቦልዱን እንዴት ነው የምትጽፉት? ብዙ ሰው ባክስላሽ ኤፍ ቢ ብሎ ይከፍታል፣ ባክስላሽ ኤፍ አር ብሎ ይዘጋል (ኤፍ ትንሿ ናት፣ ቢ እና አር ካፒታል)። ይሠራል፣ ግን መዝጊያው ይረሳል። ሲረሳ አንቀጹ እስኪያልቅ ሁሉም ቦልድ ይሆናል። ማክሮው ይሻላል። ነጥብ ቢ የራሱን መስመር ብቻ ቦልድ ያደርጋል፣ ነጥብ አይ ኢታሊክ። መስመሩ ሲያልቅ እነሱም ያልቃሉ።

ቦልድና ተራ ፊደል ያለ ስፔስ ሲጣበቁ ነጥብ ቢ አር አለ። የመጀመሪያውን ቦልድ፣ ሁለተኛውን ተራ፣ ሦስተኛውን ቦልድ እያለ ይፈራረቃል፣ ሁሉንም ያጣብቃል። ሌላ ገጽ ስትጠቅሱ ይህ ነው የሚያስፈልጋችሁ፦

.ቢአር መዋጮ (5)

ስሙ ቦልድ፣ ቅንፉ ተራ ሆኖ ይወጣል። ሙሉ ነጥብ ካስፈለጋችሁ ከቅንፉ ጋር አጣብቁት። መሃል ላይ ስፔስ ከፈለጋችሁ በድርብ ጥቅስ ውስጥ ስጡት፦

.ቢአር \-ወ ", " \-\-ወር

ጥቅሱን ከረሳችሁ ሁለቱ ኦፕሽኖች ተጣብቀው ይወጣሉ፣ አንባቢውም አንድ ኦፕሽን ይመስለዋል።

የኦፕሽን ዝርዝር

እኔ ኦፕሽኖቹን በስፔስ ነበር የደረደርኳቸው። በግራ ኦፕሽኑ፣ በቀኝ መግለጫው። በ80 ዓምድ ያምር ነበር። ልጅቷ ግን ተርሚናሉን ግማሽ ስክሪን ላይ አድርጋ፣ ግማሹ ላይ የደረሰኞቹን ፎቶ ከፍታ ነው የምትሠራው። እሷ ጋ መግለጫው ከኦፕሽኑ ስር ተጠቅልሎ የማን መግለጫ የማን እንደሆነ አይለይም።

ለዚህ ነጥብ ቲ ፒ አለ። ብቻውን አንድ መስመር ላይ ጻፉት። የሚቀጥለው መስመር ኦፕሽኑ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው መግለጫው ነው፣ ራሱ ወደ ውስጥ ይገባል። መስኮቱ ቢጠብም ቅርጹ አይፈርስም። መግለጫው ሁለተኛ አንቀጽ ካለው ነጥብ ፒ ፒ አታድርጉ፤ ወደ ግራ ዳር ይመለስባችኋል። ነጥብ አይ ፒ አድርጉ። ስትጨርሱ ማንዊድዝን 45 አድርጋችሁ እንደገና እዩት። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ።

ምሳሌዎችን በነጥብ ኢ ኤክስ ክፈቱ፣ በነጥብ ኢ ኢ ዝጉ። በመካከላቸው ያለው መስመር እንደተጻፈ ይቆያል፣ ከላይና ከታች ካለው ጋር አይቀላቀልም። ማስታወሻ ግን፦ ሰረዙና ባክስላሹ እዚያም ውስጥ ጥበቃ ይፈልጋሉ። ምሳሌ ውስጥ ስለሆነ ነጻ ነው ብዬ ነበር እኔ የተሳሳትኩት።

«በተጨማሪ ይመልከቱ» የሚለው የመጨረሻ ክፍል ላይ ገጾቹን በክፍል ቁጥር፣ ከዚያ በፊደል ቅደም ተከተል ደርድሩ። በኮማ ለዩዋቸው። መጨረሻው ላይ ነጥብ የለም።

መለየትና ማነጻጸር

ስታጸዱ ስህተት የሆነ መረጃ ታያላችሁ። እጃችሁ ይበላችኋል። ተዉት፣ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ በኋላ ለብቻው ኮሚት አድርጉት፣ ማለትም እንደ አንድ ለውጥ መዝግቡት። ቅርጽና ይዘት አንድ ላይ ከተቀየሩ የሚገመግመው ሰው የትኛውን እንደሚያይ አያውቅም። እኔ ቅዳሜ አንዱን ለቅርጹ፣ ቅዳሜ ሁለተኛውን ለይዘቱ ነው የሰጠሁት። ቅርጹንም ቢሆን ከፋፍሉት፦ ሰረዙ አንድ ኮሚት፣ ቦልዱ አንድ፣ ዝርዝሩ አንድ።

ከእያንዳንዱ በኋላ ገጹን በዚያው ቅንብር ወደ «በኋላ» ፋይል አፍስሱና ከ«በፊት» ጋር ዲፍ አድርጉት። አረፍተ ነገሮቹን በየመስመሩ ስትከፍሉ ከነጥብ በኋላ ያለው ስፔስ ሊጨምር ይችላል፤ ሰረዝ ቢ ብትጨምሩ ዲፍ የስፔስ ብዛትን ችላ ይላል። የቀረው እያንዳንዱ ልዩነት እናንተ አስባችሁ ያደረጋችሁት መሆን አለበት። «ይሄ ከየት መጣ?» ያላችሁት ካለ ቁሙ። እኔ ጋ አንድ የጥበቃ ደሞዝ መስመር ጠፍቶ ያገኘሁት እንዲህ ነው፤ ጥቅስ ሳልዘጋ ቀርቼ።

በመጨረሻ ምሳሌዎቹን ከገጹ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ተርሚናል ላይ ለጥፉ። በእጃችሁ አትተይቡ። የሚቻል ከሆነ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ። እኔ ወርጄ የልጅቷን በር አንኳኳሁ። እናቷ ቡና አፍልታ ነበር፣ ሁለተኛው ላይ ደረስኩ። ስድስቱንም ምሳሌዎች አንድ በአንድ ለጠፈቻቸው። አራተኛው ላይ አንድ ያመለጠኝ የተጣመመ ጥቅስ ተገኘ። እዚያው አረምነው።

ገጹን ቦታው ላይ ካስቀመጣችሁ በኋላ ማንዲቢን በአስተዳዳሪ መብት አስኪዱት፣ ማውጫውን እንዲያድስ። ከዚያ ዋትኢዝ ብላችሁ የኮማንዳችሁን ስም ጻፉ። እኛ ጋ ስሙ፣ ቅንፍ ውስጥ 1፣ ከዚያ «የብሎኩን የወር ወጪ ለየቤቱ ያካፍላል» የሚል አንድ መስመር መጣ።